ኮታቸውን ገልብጠው የሚለብሱት ሰፊ

አው ዩሱፍ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ናስር ሲደውልልኝ በምሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ሽፋናቸው የተገነጠለ መጻሕፍት እያጣበቅሁ ነበር።

"ተማሪዋ" አለኝ። ትምህርቴን ከጨረስኩ ስንት ዘመኔ ነው፤ መኪና ግርግር በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ግን ስሜ እስከ ዛሬ ይኸው ነው። "አው ዩሱፍ ወደ አኼራ ሄደዋል። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው።"

"ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ለእኛስ ማን ነገረን? ጠዋት ነው ያረፉት። የደረስነው ለጥቂት ነው።"

ስልኩን ዘጋሁ። ሙጫው እስኪደርቅ መጽሐፉን በሁለት እጄ ጨምቄ መያዝ ነበረብኝ፤ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን የዚያን ቀን አላስታውስም።

እሳቸውን ለማያውቅ ሰው ማስተዋወቅ ያለብኝ ከኮታቸው ጀምሬ ነው። ገበር የሌለው ግራጫ ኮት ነበራቸው፤ ዘወትር ገልብጠው ነው የሚለብሱት። የትከሻው መጋጠሚያ፣ የኪሱ ጀርባ፣ የተዘመዘመው ጠርዝ፣ ሁሉም ወደ ውጭ ነው። በዚያ ኮት ከፈላና በር ከቤታቸው ተነስተው በግንብ የታጠረውን ጀጎል አቋርጠው ይመጡና ከሱቅ ደጃፍ ካለችው የስፌት መኪናቸው ፊት ይቀመጣሉ። ያኔ ከሰፊዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትንሹና በአፍ ትልቁ ናስር ነበር።

"አው ዩሱፍ፣ ዛሬም ጨለማ ውስጥ ነው እንዴ የለበሱት?"

"አንተ የሰፋኸውን ገልብጠህ ልበስና ጀጎልን አንድ ዙር ዞረህ ና። ከዚያ እንጫወታለን" ይሉታል፣ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ።

ኮቱን በትክክለኛ ገጹ የሚለብሱት ለዒድ ሶላት ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው፣ "አላህ ውስጡን ያውቀዋል፤ ለእሱ ማሳየት አያስፈልግም" ብለውኛል። እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው መለየት አልቻልኩም። ፊታቸው ለሁለቱም አንድ ነበር።

ልክ አወሳሰዳቸውም ለብቻው ነበር። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ሜትር አያወጡም። "እስቲ ቁጭ ይበሉ። አሁን ይነሱ። ከመደርደሪያው ላይ ያንን ጣቃ ያውርዱልኝ" ይሉታል። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥተው ሦስት ጣቃ አስወርደዋቸዋል። ሰውየው ላብ በላብ ሆነው "እኔ ሱሪ ላሰፋ ነው የመጣሁት ወይስ ልሸከም?" ቢሏቸው፣ "ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ አይኖርማ፣ ጌታው። ቆመው ብቻ ሊለብሱት ከሆነ ሌላ ሰፊ አለ" አሏቸው። ባለሥልጣኑ ጣቃውን አስቀመጡና ሳቁ። ሱሪውንም እሳቸው ጋ አሰፉ።

እኔ ወደዚያ የሄድኩት በሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ሥራዬ ቁልፍ መትከል፣ የቁልፍ ቤት መጥለፍና ጠርዝ መዘምዘም ነበር። ከሥራ በኋላ አቦከር በሚገኝ ትምህርት ቤት የጎልማሶች ክፍል ገብቼ ሦስተኛ ክፍል እማር ነበር። ማስመሪያ መያዝ የተማርኩት በዚያው ሰሞን ስለሆነ ያገኘሁትን ሁሉ እለካ ነበር። አው ዩሱፍ የአንድ ነጋዴ ሸሚዝ ቢሰጡኝ የቁልፎቹን ቦታ ለክቼ እኩል እኩል በሳሙና ምልክት አደረግሁና ሥራዬን እንዲያደንቁልኝ አቀረብኩላቸው።

"የማን ነው?"

"የዚያ የወፍራሙ ነጋዴ።"

"ሆዱ የት ላይ ይደርሳል?"

በጣቴ አሳየኋቸው።

"እዚያ ላይ ቁልፍ አለ?"

"የለም። እኩል እንዲሆን ብዬ..."

"እኩልነቱን ለማስመሪያሽ ስጪው። ሰውየው ሲቀመጥ እምብርቱን ሕዝብ ሊያየው ነው።" በአውራ ጣታቸው የሳሙናውን ምልክት በሙሉ አጠፉት። ሁለተኛ ጊዜም አጠፉት። በሦስተኛው ምንም ሳይሉ መልሰው ሰጡኝ፤ ከእሳቸው አፍ ምስጋና ማለት ይኸው ነበር።

እንዲህ ስል ከሰው የተገለሉ ባሕታዊ እንዳይመስሉ። ምሳ ከሰፊዎቹ ጋር ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ የጫቱ ሰዓት ሲደርስ እሳቸው አይቅሙም፤ ከበርጫው ግን አይቀሩም። ከመሐል ተቀምጠው ለሌላው ቅጠሉን እየቀነጠቡ ጨዋታ ያዳምጣሉ። በሠርጉም በሐዘኑም፣ ክርስቲያን ቤት ይሁን እስላም ቤት፣ መጀመሪያ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን የክፍሌ ሴቶች ስለሚሉኝ ነገር ሳማርር ሰምተው፣ "ከሰው ጋር ብዪ፤ በሰው ጥርስ ግን አታኝኪ" አሉኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። መጻፍና መኖር የተለያዩ መሆናቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ሰባቱ ሰፊዎችና እኔ ስምንት ሆነን በማኅበር ተደራጅተን ነበር። ሰብሳቢያችን ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ ማንንም ማስቀየም የማይወዱ ሰው። በአንድ ክረምት ሥራ ጠፍቶ፣ ሁለቱ ሰፊዎች መኪናቸውን ሊሸጡ ሲመክሩ፣ ጋሽ ታደሰ ደጅ ጠንተው የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ሥራ አመጡልን። ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጨርቁ ከትምህርት ቤቱ። ከጨርቁ ጋር የመጣው ግን የልጆቹ ልክ አልነበረም። በየክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለ የሚያሳይ ወረቀት ብቻ ነው የመጣው።

"ቀላል ነው" አሉ ጋሽ ታደሰ ሰብስበውን። "አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ትንሽ፣ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ትልቅ። በሦስት ልክ እንቆርጣለን።"

"ልጆቹስ?" አሉ አው ዩሱፍ።

"ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው።"

"ሊመዘገቡ ይመጡ የለም? በምዝገባው ሰሞን በሩ ላይ ቁጭ ብዬ እለካቸዋለሁ።"

"አው ዩሱፍ፣ ምዝገባው እኮ ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው። መቼ ለክተን መቼ እንሰፋለን? እኛ ብንዘገይ ሥራውን የሚወስድ ሞልቷል።"

"ሁለተኛ ክፍል ያለ ሁሉ ስምንት ዓመቱ ነው ያለው ማነው?" አሉና ዞር ብለው አዩኝ። "አንቺ፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"ሦስተኛ" አልኩ።

"እንግዲያው መካከለኛ ይበቃታል!" አለ ናስር። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ታደሰም ሳቁ። እኔ አንገቴን ወደ መርፌዬ ደፋሁ።

"እሷ የጎልማሶች ክፍል ናት፤ አትቆጠርም" አለ ሌላው።

"በመደበኛውም አሉ። ከገጠር ዘግይተው የሚገቡ፣ ከብት ሲጠብቁ የቆዩ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄ። ንገሪያቸው።"

አውቅ ነበር። የእኔ ክፍል በሚማርበት ትምህርት ቤት ጠዋት የሚማሩትን ወደ ሥራ ሳልፍ በመስኮት አያቸው ነበር፤ ከመምህሯ እኩል ቁመት ያላቸው ልጃገረዶች ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ሲቀመጡ። ግን ያ ሳቅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። ሁለተኛ የሚስቁብኝ መሰለኝ።

"እኔ አላውቅም" አልኩ።

አው ዩሱፍ አዩኝና ፊታቸውን መለሱ። ለጋሽ ታደሰ ሐሳብ የእኔን ጨምሮ የሰባት ሰው እጅ ተነሳ። "ወስናችኋል" አሉ አው ዩሱፍ። "የድርሻዬን እሰፋለሁ።"

ሰፉም። ከማንም አላነሱም፤ ከማንም አላለፉም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ጨርቁ አለቀ። የስድስቱ ድርሻ ሲሞላ የናስር ግማሹ እንኳ አልተቆረጠም ነበር። ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ ጋሽ ታደሰ የተሰፋውን ሁሉ እያነሱ ያዩ ጀመር። የአው ዩሱፍ ሸሚዞች ጋ ሲደርሱ ገለበጧቸው። ከውጭ ሲታዩ እንደ ሌሎቹ ናቸው። ውስጣቸው ግን በግራና ቀኝ ከስፌቱ ወዲያ ሦስት ሦስት ጣት ጨርቅ ተርፏል፤ የእጅጌውና የታችኛው ጠርዝ ሁለት ጊዜ ታጥፏል።

"ይሄ ምንድነው፣ አው ዩሱፍ?"

"የሚለቀቅ ነው። የጠበበው ልጅ ሲመጣ ተፈትቶ ይሰፋለታል።"

"ተስማምተን አልነበረም እንዴ?"

"በልኩ ተስማምተናል። ይኸው ሜትር፣ ለኩት። ስለ ውስጡ አልተነጋገርንም።"

ናስር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ተናገረ። "እኔስ ምን ልስፋ? ሚስቴ ልትወልድ ደርሳለች። የእኔን ጨርቅ ነው እኮ ለማያውቁት ልጅ ያጠፉለት።"

አው ዩሱፍ ሜትሩን አስቀመጡ። ሳያስቡት ያደረጉት መሆኑ ፊታቸው ላይ ታየ። ስለ ሕፃናቱ ትከሻ ሲጨነቁ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው አልታያቸውም። "ልክ ነህ፣ ወላሂ" አሉ በመጨረሻ። "ከአንተ እየወሰድኩ መሆኑን አላየሁም። አፉ በለኝ።" የዚያን ዕለት የራሳቸውን ድርሻ ክፍያ ለናስር ትተውለታል። ነገሩ ግን በዚህ አልበረደም። የጎደለው ጨርቅ ተገኝቶ እስኪሰፋ ልብሱ ዘግይቶ ደረሰ፤ ጋሽ ታደሰ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ፤ የሚቀጥለው ዓመት ሥራም ቀረብን።

ሁለተኛው ስብሰባ አጭር ነበር። "ከእሳቸው ጋር መሥራት አይቻልም" ያለው ማን እንደሆነ ስሙን አልጽፍም፤ ሁላችንም ያልነው ያህል ነው። ጋሽ ታደሰ "አው ዩሱፍ ከማኅበሩ ይውጡ የሚል እጁን ያንሳ" አሉ። መኪና ግርግር አው ዩሱፍ ለአርባ ዓመት የተቀመጡበት ነው፤ ሌላ የሚያውቁት ዓለም አልነበራቸውም። እጆች ተነሱ። የእኔም ተነሳ።

አው ዩሱፍ መኪናቸውን በብርድ ልብስ ጠቀለሉ፤ ሁለት ሸካሚዎች ይዘውላቸው ሄዱ። ናስር ከኋላ መቀመጫቸውን ተሸክሞ ፈላና በር ድረስ አደረሰላቸው። ወዳጅነትና ድምፅ አብረው አይሄዱም፤ ያን ዕለት ያየሁት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ወደ ሰፈራችን ይመጡ ጀመር። አንዱ እጁን ሲዘረጋ ብብቱ የተተረተረበት፣ አንዷ ቁልፉ አልገጥም ያላት። ገልብጠን ስናይ ስፌቱ ጫፍ ድረስ የተቆረጠ ነው፤ የሚለቀቅ ጨርቅ የለውም። ሰፊዎቹ እርስ በርስ ሳይተያዩ "ፈላና በር ሂዱ፤ እዚያ ሽማግሌ አሉ" ይሏቸዋል። ከመካከላቸው አንዷ ሐሊማ የምትባል ከገጠር የመጣች ልጅ ነበረች፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። ትንሽ የተባለው ሸሚዝ ደርሷት ደረቷ ላይ አልዘጋ ስላለ፣ በላዩ ሻርፕ ደርባ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ቆመች።

"መምህሩ ምን አሉሽ?" አልኳት።

"ምንም። ልጆቹ ናቸው የሳቁት። ካልተስተካከለ ነገ አልሄድም።"

ራሴ ወሰድኳት። ከተባረሩ ወዲህ ላያቸው አልሄድኩም ነበር። ቤታቸው ደጃፍ መኪናቸውን ዘርግተው፣ ኮታቸውን እንደ ወትሮው ገልብጠው፣ ግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን እንደ ሁልጊዜው ተቀበሉኝ። ሐሊማን ከእግር እስከ ራሷ አዩና፣ "ልጄ፣ እስቲ ያንን ጣሳ ከመስኮቱ ላይ አውርጂልኝ" አሏት። እጇን ስታነሳ የብብቱ ስፌት ድምፅ አሰማ። ልታለቅስ ደረሰች።

"ደግ አደረግሽ። ራሱ የት መፈታት እንዳለበት ነገረን" አሏት። "ትምህርት ትወጃለሽ?"

"ማንበብ እወዳለሁ።"

"እንግዲያው እጅ ስታወጪም እንዳይዝሽ አድርገን እንሠራዋለን።"

የራሳቸውን ድርሻ ሲቆርጡ ከተረፈው ቁርጥራጭ አወጡ፤ ከብብቷ እስከ ወገቧ በሁለቱም ጎን ቀጠሉላት። እኔ ቁልፎቹን ነቅዬ ቦታ ቀየርኩ፤ ሆዷን ሳይሆን ደረቷን አይቼ። ልጅቷ ውስጥ ገብታ ስትለብስ ብቻችንን ቀረን።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። "እጄን በማንሳቴ።"

መኪናው ላይ የተራገፈውን ክር እየለቀሙ ቆዩ። "እጅሽን ማንሳትሽ አይደለም የከፋኝ። ናስርም አንስቷል፤ ምክንያት ነበረው። አምነሽበት ብታነሺው ኖሮ በማግስቱ ሻይ እጋብዝሽ ነበር። አንቺ ግን መጀመሪያ ወደ ግራ አየሽ፤ ቀጥሎ ወደ ቀኝ አየሽ። ከዚያ ነው ያነሳሽው።"

አይተውኛል፤ ልክም ነበሩ።

"ሻይ ትጠጪያለሽ?" አሉኝ።

"እጠጣለሁ።"

ሐሊማ ለብሳ ወጣች። ሳትጠየቅ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ምንም አልተተረተረም። ከዚያ ጣሳውን ወደ መስኮቱ መለሰችው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ጋሽ ታደሰ ሊመልሷቸው ሄዱ። የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። "ቦታዎ ባዶ ነው፣ ይምጡና ይቀመጡ" ቢሏቸው አው ዩሱፍ፣ "በስብሰባ ነው ያስወጣችሁኝ። ተሰብስባችሁ ተሳስተናል ካላችሁ፣ እኔም በጨርቁ ተሳስቻለሁ እላችኋለሁ፤ ነገውኑ እመጣለሁ። በጓሮ በር ግን አልገባም" አሏቸው። ጋሽ ታደሰ ተመልሰው መጡ። ስብሰባው ግን አልተጠራም። ዛሬ ነገ ስንል፣ ማንም ቀድሞ መናገር ሳይፈልግ ዓመታት አለፉ። እኔ ተምሬ ጨረስኩና የቤተ መጻሕፍት ሥራ አገኘሁ። ፈላና በር ለሻይ መሄድ አልተውኩም፤ ስብሰባ እንዲጠራ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። አው ዩሱፍም ከደጃፋቸው ሳይነሱ አረፉ።

በተቀበሩ ማግስት ወደ መኪና ግርግር ወረድኩ። አንድ የድሮ ደንበኛቸው ሊያጽናኑ መጥተው ከሰፊዎቹ መካከል ተቀምጠዋል። "አንድ ነገር ሳልጠይቃቸው ቀረሁ" አሉ ሰውየው። "አው ዩሱፍ ከዚህ ለምን ነበር የወጡት?"

"ዓይናቸው ደክሞ ነው" አለ ናስር። አሁን እሱም ሸብቷል።

"በራሳቸው ፈቃድ" አለ ሌላው። "ስንት ለመንናቸው።"

"አርጅተው ነዋ።" ራሶች ተነቀነቁ። ሐሰት ለመናገር ያሰበ አልነበረም፤ ነገሩን ብዙ ጊዜ ከማውራት የተነሳ ለስልሶላቸዋል። ናስር ወደ እኔ ዞረ። "አይደለም እንዴ፣ ተማሪዋ?"

"አይደለም" አልኩ። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ደገምኩት። "አይደለም። እኛ ነን ያስወጣናቸው። እኔም እጄን አንስቻለሁ።"

ደንበኛው አንገታቸውን ደፉ። ናስር ሊቆጣ አስቦ ሳይችል ቀረ። ጋሽ ታደሰ የጀመሩትን ስፌት ጫፍ አደረሱና መዘውሩን በመዳፋቸው ይዘው አቆሙት።

"እውነቷን ነው" አሉ። "እሳቸው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር። እንሰብሰብ።"

"አሁን? ለሞተ ሰው?"

"በሕይወት ሳሉ ያልሰበሰብኳችሁ እኔ ነኝ።"

"ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ እንኳ የለንም" አለ ናስር፣ በቀስታ።

"ተማሪዋ አለች።"

"እሷ እኮ ከማኅበሩ ወጥታለች።"

"ያኔ ነበረች" አሉ ጋሽ ታደሰ። የማኅበሩን መዝገብ ከመሳቢያቸው አውጥተው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ሰጡኝ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የሚያልፈው ሰው፣ ምን ሆነው ነው ብሎ ያየን ጀመር።

"አው ዩሱፍን ያስወጣንበት ውሳኔ ስሕተት ነበር፣ ይሻር የሚል እጁን ያንሳ" አሉ።

የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ዘጋሁ። ብዕሩን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩና ቀኝ እጄን አነሳሁ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላየሁም። ጋሽ ታደሰ ቆጠራውን ከእኔ ጀመሩ።